ያቺ ነጥብ

ከደብረ ብርሃን ወጣሁ ሳይነጋ፣ ላፕቶፔን በባና ጠቅልዬ፣
የሁለት ዓመቱን መዝገብ ሁሉ አንድ ሥዕል አድርጌ ሥዬ፤
መሐል ሜዳ ስደርስ ነፋሱ ቆርቆሮ ያንኳኳል፣
በወረዳው አዳራሽ ውስጥ ወንበሩ ሁሉ ይንቋቋል።
ፕሮጀክተሩ ሲበራ፣ ግድግዳው ላይ ነጠብጣብ፣ እንደ ሽፍታ፣
ስድስት መቶ አርባ ሁለት ወላድ፣ እያንዳንዷ በየቦታ።

«አግድሙ የመንገዱ ሰዓት፣ ሽቅቡ የተኛችው ቀን፤
ሽቅብ የሚያዘግመው መስመር ያሳያል ዝምድናቸውን፤
የመሳሳት ዕድላችን» አልኩ፣ «ከመቶ አምስት በታች።»
ማንም ቀና አላለ። አንዲት ሴትዮ አዛጋች።
ኃላፊው ስልካቸው ላይ አጎንብሰው ፈገግ አሉ፣
ከኋላ ሁለት ሚሊሻዎች የበግ ዋጋ ያወራሉ።

ያኔ ከበሩ ጥግ፣ ዱላውን በጉልበቱ መሃል የተከለ
አንድ ሽማግሌ ተነሣና፣ ጋሽ ሸዋረጋ፣ እንዲህ አለ፤
«ልጄ፣ ሁሉም ከታች ተኮልኩሏል፣ እንደ በግ ከበረት ደጅ፤
ያቺ ለብቻዋ ጥግ ላይ የቀረችው፣ እሷ የማን ልጅ?»

ሰው ሳቀ። «አባቴ» አልኩ፣ «እሷ እኮ ነጥብ ናት፤
ከመስመር የወጣች ስለሆነች ስሌቱ ውስጥ አላስገባናት፤
አሥራ አንድ ሰዓት ይላል መዝገቡ፤ የጸሐፊ ስሕተት ይሆናል፣
ከጤና ጣቢያው አሥራ አንድ ሰዓት የሚርቅ ቤት የት ይገኛል?»

ዱላው ወለሉን አንዴ መታ።
«ስሕተት አይደለም። ሐምሌ ነው፤ ያውም የሥላሴ ማታ፤
ሞፈር ውሃ ሞልቶ፣ የእንጨቱን ድልድይ ይዞብን፣
በገደሉ አናት፣ በጭጋግ፣ አራት ሆነን በቃሬዛ ዞርን፤
ይርገዱ ትባላለች፣ የእኅቴ ልጅ። ትከሻ እየተቀያየርን፣
‹ስንት ቀረን?› ትለናለች፤ ‹ከዚያ ጉብታ ማዶ› አልን፤
ጉብታው አለፈ፤ ሌላ ጉብታ። እኛም ደግመን ዋሸን።
አሥራ አንድ ሰዓት ልክ ነው። እኔ ነኝ የተናገርኩት፤
ጸሐፊዋ ‹እርግጠኛ ነዎት?› ብትለኝ፣ ፊቷ በጣቴ ቆጠርኩት።»

ሚሊሻው ኮፍያውን አወለቀ።
ያዛጋችው ሴትዮ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች፤
«እና… ተረፈች?» አለች።
«እሷ ተርፋለች» አሉ። ቀሪውን አልተናገሩም።
መዝገቤም ላይ ቀሪው የለም።

ማታ፣ አልጋ ከያዝኩበት ቤት፣ ብርድ ልብሱን ተከናንቤ፣
ሥዕሉን እንደገና ጀመርኩ፤ መስመሩ ወጣ ከልቤ፤
መጀመሪያ አንድ ወንዝ፣ አንድ ቃሬዛ፣ የአራት ሰው ትከሻ፣
«ስንት ቀረን?» የምትል ድምፅ፤ ቁጥሩ ይምጣ ወደ መጨረሻ።

ለሲስተር ምንትዋብ ደወልኩ፤ አነበብኩላት፤ ዝም ብላ ሰማች፤
«ያምራል» አለች፤ «ግን ይርገዱ ከስድስት መቶ አርባ ሁለቱ አንዷ ነች፤
አብዛኞቹ በሁለት ሰዓት ተኩል፣ በእግራቸው ነው የመጡ፤
ድልድዩ ለእነሱም ነው። የአንዷን ብቻ ሲያዳምጡ
አልቅሰው ይሄዳሉ ሰዎቹ፤ እንባ ደግሞ ቶሎ ይደርቃል፤
ሲደርቅ፣ ‹አንድ ጊዜ የሆነ ነገር ነው› ይባላል።»

እውነቷን ነው። ይርገዱን ቀይ ቀባኋት፤ ሌሎቹን አላደበዘዝኩም፤
እሷን ለማጉላት ብዬ አንዷንም አልሰረዝኩም።
ከዚያ ሁሉንም በሰዓታቸው አሰለፍኩና፣ ከእኩሌታው ቆምኩ፣
መሃል ላይ የዋለችውን፣ ሦስት መቶ ሃያ አንደኛዋን ፈለግኩ።
ሁለት ሰዓት ተኩል ሄዳለች። ቃሬዛ የላት። ወንዝ የላት።
ስም በሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነው፤ ዕድሜ፣ ሃያ ሁለት።

ጠዋት የሚኒባሱ ረዳት «ደብረ ብርሃን!» እያለ ሲጣራ፣
እኔ የጋሽ ሸዋረጋን ቤት እየጠየቅሁ ወረድኩ በገበያው ጎራ፤
ላፕቶፔን ደጃቸው ላይ ከፍቼ፣ ጣቴን ከመሃሉ አኑሬ፣
«እሷስ» ልላቸው ነው፣
«እሷስ የማን ልጅ ናት?»