የክንፍ ሰፊ

ከመኪና ግርግር፣ ከዚያች ጠባብ መንገድ፣
ከነመርፌ ክሬ ሲያወርዱኝ በግድ፣
ልብስ ልሰፋ ነው ብዬ ነበር ያሰብኩት፤
የመኮንን ሱሪ፣ የወታደር ጃኬት።

ድሬዳዋ ሜዳ፣ ከሐዲዱ ማዶ፣
ክንፍ በክንፍ ደርቦ፣ በሽቦ ተጋምዶ፣
ቆሟል አንድ ነገር። ዳሰስኩት በመዳፍ፦
ብረት የመሰለኝ ጨርቅ ነው እስከ ጫፍ!
የተልባ እግር ነው፣ ኮላ የጠጣ፣
ሲነኩት የከበሮ ድምፅ የሚያወጣ።
«ጥይት የበሳውን ጥቀምና መልስ» አሉኝ፤
ስምንት ቀዳዳ ነው በጣት ያስቆጠሩኝ።

ሰማዩ ሰፊ ነው፤ እኔም ሰፊ ነበርኩ፤
እሱ ሲቀደድ ነው እኔ የተፈለግኩ።

ባለቤቱ መጣ። ልጅ ነው። በድሬ ቀትር
የበግ ቆዳ ካፖርት ደርቦ የሚዞር።
«ላይ ክረምት ነው» አለኝ፣ ጣቱን ወደዚያ ቀስሮ፣
«ያገሬ በረዶ አለ፣ እዚያ ተቋጥሮ።»
እኔ ላቤን ጠረግኩ። መጋቢት ነው ወሩ፤
የደቻቱ አሸዋ እንደ ፍም ነው ዳሩ።

ሮብሌ፣ ቤንዚን ቀጂው፣ ወደ ጆሮዬ መጣ፦
«ዩስሪ፣ አንድ ክር ሳብ፤ አንድ ስፌት ይውጣ።
እዚያ ሲጠማዘዝ ክንፉ ይገለበጥ፤
ማን ይጠይቅሃል? ነፋስ ነው የሚቆርጥ።»
እውነቱን ነው። ያኔ፣ ሐረር ስትነድ፣
ከእንዲህ ያለው ሆድ ነው የወረደው ጉድ፤
ያጎቴ ሱቅ ጋየ፣ እሱም ከነመቀሱ፤
ሲንጀሩ ብቻ ተረፈ፣ ጠቁሮ ጥርሱ።

ሌሊቱን በፋኖስ፣ ክሩን ላላ ላርገው ስል፣
እጄ አሻፈረኝ አለኝ፤ ማላላት አይችል።
የሙሽራ ሱሪ እንጂ የሸፍጥ ስፌት አያውቅ፤
ሲነጋ ጎተትኩት፤ ወይ ፍንክች፣ ወይ ንቅንቅ!
«ብራቮ» አለ ልጁ፤ ሲጋራ ሰጠኝ።
አፈርኩም፤ ኮራሁም። ሁለቱም አመመኝ።

ረፋዱ ላይ መጡ፣ ባለ ነጠላ ክንፍ፣
ከፀሐይ ጉያ ወጥተው፣ ፉጨታቸው ሲከንፍ።
የእኔ ክንፍ ተነሣ። «የእኔ» ማለቴን ሰማሁ፤
አፌን በእጄ ይዤ ጣራ ሥር ተጠጋሁ።

የከዚራ ሰው ሁሉ ከጥላ ወጥቶ ቆመ፤
የለገሃር ፊሽካ ተነፍቶ ደከመ።
ባለ ሁለት ክንፉ እንደ ቅጠል ዞረ፣
ሆዱን ለፀሐይ ሰጥቶ ተገልብጦ በረረ፤
ያኛው ግን ጥድፊያ ነው፤ ወግቶ ያልፍና፣
ልጁ ዞር ሳይል ገና፣ ይመጣል እንደገና።
ከታች ስትሰማው፣ ተኩሱ ስፌት ነበር፤
ሰማይ የወጣ የኛው መኪና ግርግር።
ዓይኔ ክንፉ ላይ ነው፤ ክንፉስ አልተነካ፤
እሳቱ ካፍንጫው ነው የጀመረው ለካ።

ከቁልቋሉ ማዶ ወደቀ። ጃንጥላም አልተዘረጋ።
መጋላ እልል አለ፤ እልልታው ሲረጋ፣
ሮብሌ አቀፈኝ፦ «አወቅሁህ! ላላህለት!»
ዝም አልኩ። ዝምታዬን በጀግንነት ሸጥኩት።

ማታ ብቻዬን ሄድኩ። ሽቦ፣ አመድ፣ ዝምታ፤
የተቃጠለ የበግ ቆዳ ሽታ።
እሾህ ላይ ተንጠልጥላ፣ መዳፍ የምታህል፣
አንዲት ቁራጭ ጨርቅ፤ ዳር ዳሯ ከሰል፤
መሐሏ ላይ ስፌቴ።
ጎተትኩት በጥርሴ።
ወይ ፍንክች።
ከተትኳት በኪሴ።

ነፃነት መጣ። ሐረር ገብቼ ሱቄን ከፈትኩ።
ሮብሌ በየሰርጉ ጀግና ይለኛል፤ ለመድኩ።
ጨርቋ ግን መሳቢያ ውስጥ ናት፣ ከቁልፎቹ ጋራ፤
ልጅ ሊማር ሲመጣ፣ መርፌ ሳይዝ፣ ሳይሠራ፣
አውጥቼ እሰጠዋለሁ፦ «ይህን ፍታ።»
ይታገላል፤ በጥፍሩ፣ በጥርሱ፣ እስከ ማታ።
«የማን ልብስ ነበር?» ይለኛል ሲደክመው።
የበረደው ልጅ ነበር፣ እለዋለሁ፤
አንድ በረዶ ያየ ልጅ፣ እዚሁ፣ ድሬ ላይ።