ማዕድን ሲያነሡ
(ማልምበርየት፣ ኅዳር)

ባቡሩ ጥሎኝ ሄደ በቀትር ጨለማ፤
ሐዲድ አለ፣ መብራት አለ፣ የት አለ ከተማ?
ስልኬን ጠየቅኩት፤ «በግራ ታጠፍ» አለኝ በእርጋታ፣
«ሁለት መቶ ሜትር ሂድ፣ ከዚያ የገበያው ቦታ።»
በግራ ታጠፍኩ።
አጥር።
ከአጥሩ ወዲያ ምንም።
ምንም ስል ሜዳ ማለቴ አይደለም፤
መሬቱ ራሱ ጓዙን ጠቅልሎ የወጣበት፣
ጭጋግ እንደ ወተት ገንፍሎ የሚፈስበት፣
ታች የሌለው ታች።

ሄልቪ መጣች፤ ሰባ ዘጠኝ ዓመቷ፣
መኪናዋን የምትነዳ እንደ ጎረምሳ እልኸኛ።
«አስጎብኚ አይደለሁም፤ ግን ቤቴ እዚያ ነበር»
አለችና ጣቷን ዘረጋች ወደ ባዶው አየር።
«ያ ዳቦ ቤቱ ነው። ያ ደግሞ ሲኒማው።
ቁራው ካለበት ዝቅ ብለህ እይ፣
የትምህርት ቤታችን ደረጃ፤ ሰባት ነበር፣
ስድስተኛው ሲረገጥ የሚነቃነቅ።»
ቁራው በረረ። ትምህርት ቤቱም አብሮት።
አድራሻው ሁሉ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል፤
ፖስተኛ ቢመጣ ክንፍ ያስፈልገዋል።

«ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ድማሚቱ ይጮኻል ከሥራችን፤
ብርጭቆ ከብርጭቆ ይንሾካሾካል በቁም ሳጥናችን።
እናቴ ዓይኗን ሳትገልጥ እጇን ትሰድና
ሳጥኑን ደገፍ፣ እንደሚያባብል ሰው።
እኔም ወረስኩት፤ አርባ ዓመት እጄ ሌሊት ሠራ።
አሁን አዲስ ፎቅ ሰጡኝ፣ ወለሉ የሚሞቅ፣
መስኮቱ ድምፅ የማያስገባ።
ስድስት ሰዓት ሲሆን እነቃለሁ።
ዝምታው ቀሰቀሰኝ ብል ማን ያምነኛል?»

«ትረግሚዋለሽ?» አልኳት፣ ወደ ጉድጓዱ እያየሁ።
ሳቀች፤ ሳቋ ጭስ ሆኖ ወጣ።
«አባቴ አርቪድ ከዚያ በላ፤ ሦስቱ ወንድሞቼ በሉ፤
ባሌም ሳንባው እስኪዘጋ።
ጠግበን ነው የተነሣነው» አለች፣ «ምን ልበል?»
እኔ በአፌ አንድ ቃል ይዤ ቆምኩ፣
በእሷ ቋንቋ ለሁለት የሚሰበር፣ በእኔ የማይከፈል፤
ማዕድን ሲያነሡ፣ ማዕድን ሲያነሡ፣
ደጃፍና አልጋ፣ ምድጃና ጓዳ አብረው ተነሡ።

ማታ ጣቢያው ድረስ ሸኘችኝ።
የብረቱ ባቡር እያቃሰተ ሲያልፍ
ፉርጎ በፉርጎ ትቆጥራለች በከንፈሯ፤
«አሥራ ሁለት… ይቺ ከወጥ ቤታችን ሥር ሳትሆን አትቀርም።
አሥራ ሦስት፣ ይቺ የጎረቤት ናት፣
ድሮም ሳያስፈቅዱ ነው የሚያልፉት።»
ስልሳ ስምንተኛው አለፈ።
«ወደ ባሕር ነው። ከዚያ ወዲያ እንጃ፤
ምናልባት ድልድይ። ምናልባት ማንኪያ።»

ኪሴ ውስጥ እጄ የቤቴን ቁልፍ አገኘ፤
በረዶ ሆኗል።
አውጥቼ መዳፏ ላይ አኖርኩት።
ጓንቷን አውልቃ መዘነችው፣
ጥርሱን በአውራ ጣቷ ዳበሰችው፣
መለሰችልኝ።
«ይከብዳል» አለች።