ከቀለሙ ሥር

መጀመሪያውኑማ ቂም አልነበረኝም፤
ቀለም ነው የያዝኩት፣ ጠመንጃ አልያዝኩም።

ዘርጋው እባላለሁ፤ ሙያዬ ሰሌዳ።
የአርመኑን ጫማ ቤት፣ የግሪኩን ጓዳ፣
ጠጅ ቤቱን፣ ልብስ ሰፊውን፣
የጻፍኩ እኔ ነኝ፣ በጠቅላላው አራዳ።

ጣልያን የገባ ሰሞን መሰላል አስያዘኝ፤
«በየመንገዱ ራስ ይህን ጻፍ» ሲል አዘዘኝ።
እናቴ እንስራ አዝላ የወጣች የወረደችበት፣
እኔ የወተት ጥርሴን የጣልኩበት፣
የጎረቤት አህያ ክረምት ክረምት የምትንሸራተትበት፣
ያ የጊዮርጊስ ቁልቁለት፣
የማላውቀው ጄኔራል ሆነ በአንድ ጠዋት።

ሁለት ሊሬ ከፈሉኝ። ወሰድኩት ገበያ።
ትሰሜ፣ ገብስ ሻጯ፣ ወረቀቱን ገልበጥ አድርጋ አየችና፦
«ጠገራ ሲወድቅ ይጮሃል፤
ይሄ ቢወድቅ ማን ይሰማል?»
ሳቅኩባት ያን ጊዜ። ለራሴም አልኩኝ፦ «ይለመዳል።»

ቀጥሎ ያስጻፉኝ ለሲኒማው በር፣
«ለአገሬው ሰው ክልክል» የሚል ነበር።
ፊደሉን አሳመርኩት፣ ጭራ ቀጠልኩለት፤
ሙያ ነዋ፤ ሙያ ደግሞ ምን ኅሊና አለበት?
ብሩሼን ረስቼ ብመለስ፣ ቀለሙ ሳይደርቅ፣ ዘበኛው ገፈተረኝ፤
«ማንበብ አትችልም?» አለኝ።
«የጻፍኩት እኔ ነኝ» ብል፣ በጥፊ አጮለኝ።
«ይለመዳል» አልኩ እንደገና፣ ጉንጬን እያሻሸሁ።

ከዚያ ቀይ ቀለም መጣ፣ የሚፈርስ ቤት ምልክት፤
ገበያው ወደ ምዕራብ፣ አገሬውም አብሮት።
የጎረቤቴን የላቀውን በር ሳሰምር በመስቀለኛ፣
ልጁ ወጣች። አየችኝ። አየኋት እኔም።
ምንም አላለችም።
ውሃ ሰጠችኝ በቆርቆሮ ኩባያ፣ ፀሐይ ነበርና።
ያ ውሃ እስከ ዛሬ ከጉሮሮዬ አልወረደም።
«ይለመ...» ልል ነበር። ምላሴ አልታዘዘም።

የካቲትን አልተርክም።
ሦስት ቀን ነው። ቁጥሩን ታውቁታላችሁ፤ ሽታውን አታውቁትም።
ከወንድሜ ከአሰጋኸኝ የቀረው አንድ ጫማ ነው።
የግራው።

በአራተኛው ቀን ጠሩኝ፦ «ግድግዳው ይነጣ፤
ጥላሸቱ ይሸፈን፣ እንግዳ ሳይመጣ!»
ቀባሁ፣ ኖራ በኖራ።
ሲነጋ ጥቁሩ ወጣ።
ደግሜ ቀባሁ። ደግሞ ወጣ።
ከዚያ ግድግዳ ተማርኩ፣ ሰው እንዴት እንደሚቆጣ።

ማታ ትሰሜ መጣች፣ ገብስ የምታደርስ መስላ፤
ከስልቻዋ ሥር ግን ሌላ ነገር ነበር፣ የተጠቀለለ በነጠላ።
«ገብሴን የሚጭኑልኝ ልጆች ፊደል አይለዩም፤
ነጥብ ግን ይቆጥራሉ» አለች። ሌላ አልጨመረችም።

ከዚያ ወዲያ ሰሌዳዬ ሁለት አንባቢ አፈራ፤
መኮንኑ የጄኔራሉን ስም አይቶ ያልፋል፣ እየኮራ፤
አህያ ነጂው፣ ከጫካ የወረደው፣ የፊደሉን እግር ያያል በተራ።
አንድ ነጥብ፦ ጥይቱ እዚህ ጓሮ ነው።
ሁለት ነጥብ፦ ፋሻና ኪኒን።
ነጥብ ከሌለ ባንዳ ቆሟል፤ አህያህን ንዳ፣
ዞር ብለህ አትይ፣ ውጣ ከአራዳ።

ስድስት ወር እንዲህ ጻፍኩ። በሰባተኛው ትሰሜ አልመጣችም፤
መደቧ ላይ ሚዛኗ ተደፍቶ፣ ገብሷን ወፍ ይለቅም።

በዚያው ሌሊት መሰላሉን ደጅ ላይ ትቼ፣
በቀኜ የራሴን፣ በግራዬ የወንድሜን ጫማ ተጫምቼ፣
ወደ እንጦጦ አቀናሁ።
ያ ቁልቁለት አፋፍ ላይ ግን እግሬ እንቢ አለ፤ ሚስማር አወጣሁ።
ጄኔራሉን ፋቅኩት፣ ፊደል በፊደል፣ የድሮውን ስም ፍለጋ።
ፋቅኩ፣ ፋቅኩ፣ ሰማዩ እስኪነጋጋ።
ከቀለሙ ሥር ምንም የለም። ባዶ ቆርቆሮ።
ያኔ ትዝ አለኝ፦ ሰሌዳ አልነበረውም ድሮ።
ማን ብሎ ይጽፈዋል?
ስሙን የማያውቅ ሰው አልነበረም።