ደረጃ ላይ ያደርኩ ለት

መብራት ከጠፋ ሦስት ቀን ሆነው፤
ጦሳን ጉም ዋጠው።
ክሊኒኩ ሦስት ፎቅ ነው፣ ደረጃው ግን አንድ፣
ለመውጣትም እሱ፣ ለመውረድም እሱ፣ የለም ሌላ መንገድ።
እኛም ጀሪካኑን ደረደርን ከሥሩ፣
እዚያው ከበሩ፣
ዘጠኝ ቢጫ ጀሪካን፣ የዘይት የነበሩ።

ሙሄ ነው ያመጣው፣ ኮምቦልቻ ገብቶ፣
የሐረጎን ዳገት ከስሚንቶ መሀል ብርድ ላይ ተኝቶ።
«እዚህ ይሁን ወይ?» አልኩት፣ የመጨረሻውን ሳወርድ።
«ናፍጣ እኮ ነው» አለኝ፤ «ቤንዚን መሰለህ እንዴ፣ በዋዛ የሚነድ?
ክብሪት ብትጥልበት፣ ክብሪቱን ያጠፋል።»
ሙሄ አልዋሸም፤ እኔም አይቻለሁ፣ ያጠፋል።

ቤንዚን ስሙን ሲጠሩት ይቆጣል።
ናፍጣ ግን ታጋሽ ነው፤ ስድብ ይችላል፣
ክብሪት ይችላል፣
ክር እስኪያገኝ ድረስ።
እናቴ ኩራዝ ስትሠራ፣ ከጨርቅ ጫፍ ስትቀድ፣
ያኔ ነው ያወቅኩት፦ ጋዝ ብቻውን አያውቅም መንደድ፤
ጨርቁ ነው የሚያስተምረው።

ጀነሬተሩ ሰገነት ላይ ነው፤ ግቢው ጠበበና፣
ጎረቤትም ጮኸና።
ሌሊት በሰባት ሰዓት ሳል ያዘው፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ።
ላይ ቤት የሰዓዳ ልጅ፣ በሰባት ወሯ የመጣች፣
በመስተዋት ሣጥን ውስጥ፣ ከክንዴ ያነሰች፣
ሙቀቷ ከዚያ ሽቦ ነው።
ሲስተር ውዴ ከላይ ጮኸች፦ «ናፍጣ! ሙሄ! ናፍጣ!»
አንዱን ጀሪካን ነጥቆ ወጣ፣
ክዳኑ ጠፍቶ በፌስታል የተወተፈውን።

ሁለተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ እግሩ ከዳው።
ሲወድቅ ሰማሁ፤ ከዚያ ሁሉም ዝም አለ፤
ከዚያ ናፍጣው መውረድ ጀመረ፣
ደረጃ በደረጃ፣ ሳይቸኩል፣
እንደ ሽማግሌ ግድግዳ ይዞ።

ታች፣ ከደረጃው እግር፣ አስታማሚዎች ተኝተዋል፤
አሥራ አንድ ጋቢ ቆጠርኩ፣ ጫፍ ለጫፍ ተነካክተዋል፤
መሀላቸው፣ በሰርዲን ጣሳ፣ አንድ ሻማ።
አሥራ አንድ ክር። አንድ ሻማ።

እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። በመዳፌ ጨፈለቅኩት።
ሰዉን ሁሉ በጨለማ፣ በእጄም በእግሬም፣ ወደ ብርዱ አስወጣሁት።
«ምን ቆርጦህ!» አሉኝ። «ሌባ ነው!» ያለም ነበር፣
ማዶ ከሚሠራው ፎቅ አሸዋ ዘርፌ፣ ደረጃውን በባልዲ ስቀብር።
ሙሄ እያነከሰ ሌላ ጀሪካን ይዞ በአጠገቤ አለፈ፤
የዚህኛውን ክዳን ሁለቴ አጠበቀ፣ አልተናገረም።
እኔ ሦስተኛው ደረጃ ላይ፣ እርጥቡ አሸዋ ላይ አደርኩ፣
ክብሪት ያወጣውን ሁሉ «ወንድሜ፣ በስልክህ አብራ» እያልኩ።

ሲነጋ መብራት አልመጣም። ሣጥኑ ግን አልቀዘቀዘም።
ሰዓዳ አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ
«ምንድን ነው የሚሸተው?» አለችኝ።
«የልጅሽ ሙቀት ነው» አልኳት፤ ሌላውን አልነገርኳትም።

ጋቢዬ እስከ ዛሬ አጥር ላይ ነው፤ ሚስቴ ቤት አታስገባውም።

ባዶውን ጀሪካን አንዲት ሴትዮ ለመነችኝ፦
«አጥቤው ለውሃ ይሆነኛል፣ ስጠኝ።»
ሥሩን በሚስማር ሦስት ቦታ በሳሁት፣ እያየችኝ።
እሷም ሰደበችኝ።