የመጀመሪያው ጉተታ

የከብቱ ሐኪም፣ አቶ ባይለየኝ፣
«ከእንግዲህ ወዲያ በሬ አይጎትተኝ»
ብሎ ምሎ መጣ፣ መኪናውን ይዞ፣
ከኋላ ወንበር ላይ ዊንቹን አጓጉዞ።
አምና በሐምሌ፣ ከጉማራ ማዶ፣ መረሬው ሲውጠው፣
ሦስት ቀን ታግሎ፣ ክትባቱ ሞቆ፣ በረዶው አለቀ፤
ጎትተው ያወጡት፣ ሊወጋቸው የሄደው እነዚያው በሬዎች ናቸው ተባለና
ወረታ ገበያ ሙሉ ቀን ሳቀ።

ፓራውልቱን ፈታን። ዝገት የጠጡት አራት ቡሎኖች
እንቢ ብለው ቆዩ፤ መፍቻው አንሸራቶ ጣቴን ላጠብኝ፤
ትርንጎ በጠርሙስ ናፍጣ ቀዳችና
«ይጠጡና ያስቡ፣ ጋሼ» ብላ ሳቀችብኝ።
ጋራዥ ከገባች ገና ስምንት ወሯ ነው፤
የኔ ጣት የማያልፍበት፣ የሷ እጅ መንገድ አለው።

«ይህ ዊንች የዘይት ነው» አልኩት ለሐኪሙ፣ «ባትሪ አይለምንም፣
ከመሪው ፓምፕ ላይ ጉልበት ይበደራል፤
ሞተሩ ከጠፋ ግን አንድ ስንዝር አይስብም፤
ያኔ እንግዲህ፣ ጌታዬ፣ ያው በሬ ይሻላል።»
አልሳቀም።

ሰሌዳውን ከሻንሲው አሰርን፣ ዳዶ ከነሮንዴላው።
ሁለት ቱቦ አለው፣ አንዱ መሄጃ ነው፣ አንዱ መመለሻ፤
አጋባኋቸው።
ሞተር ሲነሣ ከበሮው ወደ ኋላ ዞረ፤
ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ እጅ እንጀራ በልቼበት!
ትርንጎ አየችኝ። ምንም አላለች።
ፈታን፣ አቀያየርን፣ ዘይቱ ክንዴን ታጠበበት።

አየር ገብቶበታል፤ ቱቦው ያጓራል እንደ ሌሊት ጉማሬ፤
ባዶውን አንድ ፈታን፣ አንድ ጠቀለልን፣ ዘይት ጨመርን፣ ደገምን፤
አረፋው ጠራ። ጉማሬው ተኛ።

አዲስ ገመድ ግን ሸክም ካልቀመሰ
ከበሮው ላይ እርስ በርሱ ይበላላል።
ወደ ሐይቁ ወረድን፣ ደንገሉ ወዳለበት።
«ምን እንጎትት?» ስንባባል
አያ ፈንቴ፣ ከሚሰፋው መረብ ቀና ሳይል፣
«የኔን ጀልባ» አለ።
እምቦጭ ከዋጠው ሁለት ክረምቱ ነው፤
አረንጓዴ ምንጣፍ ነው፣ ሐምራዊ አበባ፣ ከሥሩ ያለውን እሱ ነው የሚያውቀው።
መንጠቆውን ይዞ ገባ፣ እስከ አገጩ፤
ቆየ፤ ጠፋ፤ ወጣ፤ «ሳቡ!» አለ።

የመኪናውን ኋላ ከዋርካው አሰርን፣
በሰፊ ቀበቶ፣ ልጡ እንዳይላጥ፤
ካፖርቴን ገመዱ ላይ ጣልኩበት፣ እንዳይገርፈን ቢበጠስ።
«ገመዱን አትሻገሩ!» ትርንጎ ጮኸች፤
ልጆቹ ሸሹ፤ ሐኪሙም ከልጆቹ ጋር።

ማንሻውን እሷ ያዘች።
ገመዱ ቀጥ አለ።
ለጥቂት ጊዜ ማን ማንን እንደሚስብ አልታወቀም፣
ሐይቁ መኪናውን፣ መኪናው ዋርካውን፣
ዋርካውም በበኩሉ ቅጠሉን ብቻ እያወዛወዘ።

ከዚያ ምንጣፉ ተቀደደ።
አፍንጫው ወጣ፣ ቀስ ብሎ፤ የዘይት ጉልበት አይቸኩልም፤
ጭቃ፣ ሥር፣ የአንድ እግር የላስቲክ ጫማ፣
ግማሹ የለቀቀ የቀለም ጽሑፍ።
ዳር ደርሶ ሲያዘነብል፣ ውሃው ሲንዠቀዠቅ፣
ወለሉ ላይ አንድ ነገር ተገላበጠ፦
አምባዛ፣ ክንዴን የሚያህል፣ ጢሙን ያቆመ።

እኛ እጅ ስንጨባበጥ፣ ሐኪሙ ዊንቹን ሲዳብስ፣
አያ ፈንቴ ተንበርክኮ ዓሣውን አየው።
«ለካ አከራይቼው ኖሬያለሁ» አለ፤
በሁለት እጁ አቅፎ ወስዶ ለቀቀው።
«ምነው አያ፣ ለራትህ አይሆንም?»
«ተከራዬን ልብላ?»

ትርንጎ ጓንቷን አጥልቃ ገመዱን ትጠቀልላለች፣
ዙር ከዙር ጎን፣ ጠበቅ እያደረገች፣ ጭቃውን በጨርቅ እየጠረገች፤
ቀና ሳትል፣ እኔ ብቻ እንድሰማ፣
«ጋሼ» አለችኝ፣ «መሄጃዋን ቱቦ ቀይ እንቀባት ይሆን?»