ሾፌሩ አይጠጣም

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ከቴላቪ አደባባይ
ስድስት እንግዶች ጫንሁ፣ አንድ ጃንጥላ፣ አንድ ካርታ በላይ።
ካርታው አያስፈልግም፤ የካኼቲን መንገድ
እግሬ ያውቀዋል፣ ነዳጅ ላይ ሲወጣ፣ ፍሬን ላይ ሲወርድ።

«አንተስ አትቀምስም?» ይሉኛል ሁልጊዜ፣
«ሾፌሩ አይጠጣም» እላለሁ፣ እንደ ሟች ኑዛዜ።
ይስቃሉ፤ ያዝኑልኛልም፣ እንደ ምስኪን ሰው
በወይን አገር ተወልዶ ከንፈሩን በውሃ እንደሚያርሰው።

አንደኛው ቤት የጉራም ነው። በር ላይ ቆሞ ይጠብቀናል፣
ወገቡን ያመዋል፤ እሱ አይናገርም፣ የተደገፈው አካፋ ይናገርለታል።
ጋኑ መሬት ውስጥ ነው፣ አፉ ብቻ ከወለል፣
አፈሩን ጠርጎ ክዳኑን ሲያነሣ ሁሉም ዝም ይላል፤
ሕፃን የተኛበትን ክፍል ቀስ ብሎ እንደሚከፍት ሰው
ጎንበስ ብሎ በቅል ጨለፈ፣ የመጀመሪያውን ለመሬት አፈሰሰው።
«ኮክ ኮክ ይላል» አለ አንዱ፤ «ማር ነው» አለች ሌላዋ፤
እኔ ከደጅ ሆኜ የሚሸተኝ ግን ሌላ ነዋ፦
ያምናው በረዶ፣ ግማሹን ፍሬ ያረገፈው ሌሊት፣
ጉራም ፋኖስ ይዞ፣ ናኑሊ አልጋ ልብሷን ይዛ፣ ለሐረጉ ልታለብስለት።

ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ቤት አንድ ግንብ ይለያቸዋል፤
ወንድማማቾች ናቸው፣ በአባት ርስት ተካሰው ዐሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል።
ከበር እስከ በር በእግር ሠላሳ ርምጃ ነው፤
እኔ ግን መንደሩን በመኪና ዞሬ በላይኛው በር ነው የምገባው፣
እዚህ የጠጡትን እዚያ እንዳያወሩ እንግዶቼን አስምዬ።
«ወይናቸው ይለያያል?» አለችኝ ባለ ጃንጥላዋ። ዝም አልኳት ፈገግ ብዬ።
አይለያይም። አንድ ኮረብታ፣ አንድ ፀሐይ፣ ከአንድ እናት ሐረግ የተቀዳ፤
አንዱ የሌላውን «ሆምጣጤ ነው» ይላል፣ ለሚሰማው እንግዳ።

ጠዋት «እርስዎ» ይባባሉ የነበሩ ቀትር ላይ «አንተ» ይባባላሉ፣
በመስተዋቴ አያቸዋለሁ፣ አንዱ ባንዱ ትከሻ ያንቀላፋሉ።
ጡረተኛው መሐንዲስ ስለ ሟች ሚስቱ ይጀምራል፣
ከኋላ ወንበር፣ ለማጅራቴ። ሰው ለሾፌር ማጅራት ብዙ ይናገራል።

ከአላዛኒ ድልድይ ማዶ፣ ሮማኗ ያለችበት መታጠፊያ ላይ
ማርሽ እቀንሳለሁ። ሬዲዮ አጠፋለሁ፣ መንገዱን ብቻ ላይ።
«ምን ሆነ?» ይላሉ። «መንገዱ አይመችም» እላለሁ።
አስፋልቱ አምና ነው የፈሰሰው፤ እንደ ጠረጴዛ ልሙጥ ነው፣ አውቃለሁ።
አንዞር ታናሼ ነበር። መልከኛ፣ ሳቂታ፣ እንደ እኔው ሾፌር፣
ሠርግ ውሎ ሲመለስ ነው። የማን ሠርግ እንደሆነ አልናገር።

መጨረሻ ማቅቫላ ጋ ነን። ባሏ ከሞተ ብቻዋን ነው የምትጨምቀው፤
ልጇ ፖላንድ ነው፣ ይመጣል ትላለች፣ መቼ እንደሆነ የማናውቀው።
አራት ጋን አላት፤ ሦስቱን ታስቀምሳለች፣ አራተኛው በጭቃ ተመርጓል፣
ልጁ በሄደበት መስከረም። ለሚጠይቃት፣ «እሱ ገና ነው፣ ተኝቷል።»
ጋን በጠጠር ይደገፋል፤ እኔም ለማቅቫላ
ሐሙስ ሐሙስ ጣሪያ የምጠግን ጠጠር ነኝ፣ ከሥራዬ ኋላ።
ዳቦና አይብ ጠቅልላ «ለጺሳና» ትለኛለች፣
ሁለት እጇ እስከ ክርኗ ጠቁሯል፣ ወይኑን ለብሳው ታመሻለች።

እንግዶቹን አወረድሁ። መሐንዲሱ እጄን ይዞ ቆየ። አንድ ጃንጥላ ተረሳ።

ቤት ገባሁ፣ ቁልፉን ሚስማር ላይ ሰቀልሁ። ጺሳና አልተኛችም፤
ኮቴን ተቀብላ አሸተተችው። የት ዋልህ አላለችም።
«ጉራም የርካጺቴሊውን ጋን ከፍቷል» አለች፣ እጅጌውን ገልብጣ፣
«ወንድማማቾቹም አልታረቁ» አለች፣ ኮሌታው ላይ አፍንጫዋ ሲመጣ።
ቆየች። «መታጠፊያው ላይስ?»
«ቀስ ብዬ።»
ውሃ ቀዳችልኝ፣ በሠርጋችን ብርጭቆ፣ እስከ አፉ ሞልታ።
ነገ ስምንት ሰው አለኝ፣ ከጠዋት እስከ ማታ።