አምስት ጎዶሎ

ቺያቱራ የሄድኩት ልመዝን ነበረ፣
በቅጽ፣ በአምድ፣ በሣጥን እየተሰደረ
የሰው ማስተማር ልክ፣ የሰው ዕውቀት ልኩ፤
በብብቴ ፋይል፣ በኪሴ ማኅተም ይዤ ነው የሄድኩ።

ከተማዋ ገደል፤ ከላይ ማዕድን፣ ከታች ወንዝ፣
በመሃል የብረት ሣጥን በገመድ የሚጓዝ፤
መብራት ሲኖር ይሄዳል፣ ሲጠፋም ይቆማል፣
ሰውም እንደ ታጠበ ልብስ ተንጠልጥሎ ይከርማል።

ሰባተኛ ክፍል። ምድጃው አይነድም።
ሃያ ስምንት ልጆች፤ ካፖርቱን ያወለቀ የለም አንድም።
መምህርት ማቅቫላ መጽሐፉን ዘጋች
(ቅጹ ላይ ጻፍኩባት፦ «መጽሐፉን ዘጋች»)፣
ሰሌዳው ላይ አምስት ባዶ ሣጥን ሠራች።

«አንድ፣ ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት፣ ዘጠኝ አሉ፤
መድገምም ይቻላል፤ ሣጥኖቹ ግን ይሙሉ።
ድምሩን ልክ ሃያ፣ ሃያ ላደረገ
ዳቦዬን እሰጣለሁ፤ ቆርሼ አይደለም፣ ሙሉውን ከፈለገ።»

ሃያ በዚያ አገር የቁጥር ምሰሶ ነው፤
አርባን «ሁለት ሃያ» ብሎ ነው ሰው የሚጠራው፣
ሰማንያን «አራት ሃያ»፤ ዘጠና ሲመጣ
«አራት ሃያና ዐሥር» ይላል ገበያ የወጣ።
ሃያ የሚከብደው ልጅ የለም በዚያ ሰፈር፤
ምን ችግር አለው? አልኩና እኔም ጀመርኩ መቁጠር።

ክፍሉ ጦፈ። ጎቻ በጣቱ፣ ዛዛ በክብሪት፣
መንትዮቹ በባቄላ፣ እርስ በርስ በመሰራረቅ ፍሬዪት።
«ዐሥራ ዘጠኝ!» ይላል አንዱ፣ «ሃያ አንድ!» ያኛው፤
ሃያ እንደ ዓሣ ሙልጭ ይላል መሃል ላይ ከጃቸው።
እኔም (ቅጹ ላይ «ጫጫታ» ብዬ ጽፌ)
ጀርባው ላይ እደምራለሁ፣ በክርኔ ከልዬ፣ አቀርቅሬ፣ አርፌ።

ከኋላ ወንበር፣
በአንድ እጇ ብቻ ጓንት ያጠለቀች፣
ጥያቄው ከተጻፈ ጀምሮ እርሳስ ያልነካች፣
ፒክሪያ ተነሣች።
«አይሆንም» አለች።

«አላገኘሁትም ማለትሽ ነው?»
«አይደለም፤ አይሆንም።
እስከ ነገ፣ እስከ መጪው ዓመት ቁጭ ብዬ ብደምርም።»

ሳቁባት። ማቅቫላ ጠመኔውን አኖረች፤
«አሳዪኝ» አለች።

ልጅቷ ጓንቷን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ ጣለች፦
«ሦስት አንድ ጥንድ ነውና አንድ የተረፈ ጓንት፤
ዘጠኝም አራት ጥንድ፣ አንዱ ያለ እህት፤
አንድማ ያው አንድ ነው። የቱንም ብትመርጡ
አንዳንድ ጎዶሎ ነው ከየሣጥኑ የምታወጡ።
አምስት ጎዶሎ ደግሞ፣ ቢጣመሩ፣ ቢጣመሩ፣
ሁለት ጥንድ ይሆኑና
አንዱ ይቀራል በበሩ።
ሃያ ግን ማንንም ደጅ አያስቀርም።»

ከዚያ በኋላ የነበረው ዝምታ ቅጹ ላይ ቦታ የለውም።

«ሃያ አላደረገችም!» አለ ጎቻ ብድግ ብሎ፤
እውነቱን ነው። ክርክሩ ቀጠለ፣ ደወሉም ተደውሎ።
«ዳቦው ያንቺ ነው» ስትላት፣ «አልሠራሁትም» ስትል ልጅቷ፣
በመጨረሻ ሠላሳ ቦታ ተቆረሰ በመምህርቷ፤
የኔም ድርሻ፣ ጥፍር የምታህል፣
ቅጼ ላይ መጥታ ዐረፈች።

ማታ ስመለስ፣ በገመዱ ሣጥን ወንዙ መሃል ስንደርስ
መብራት ጠፋ። ቆምን። ነፋስ ብቻ ከታች ሲመላለስ።
አምስት ነበርን፦ ባልና ሚስት፣ ድንች በጆንያ ይዘው፣
ሁለት ማዕድን ቆፋሪ፣ ሲጋራቸው አንድ ነው፣
እኔ።

ቅጹን አወጣሁ። «ትምህርቱ በዕቅዱ መሠረት ሄዷል?»
ይላል አንድ ሣጥን፤ መልሴን ይጠብቃል።
ቆፋሪው ክብሪት ጫረልኝ፦ «ምን ትጽፋለህ በዚህ ጨለማ?»
«አምስት ሣጥን አለ» አልኩት። «እስቲ አንድ ነገር ስማ...»

«ዐሥራ ዘጠኝ!» አለ ጥቂት ቆይቶ፤
«ሃያ አንድ!» አለች ባለ ድንቿ፤ ባልየው ሳቀ ተደግፎ ተኝቶ።
መልሱን አውቃለሁ፤ አልተናገርኩም። የቅጹም ሣጥን ባዶውን ቀረ፤
ታጥፎ ኪሴ ውስጥ ከዳቦ ፍርፋሪ ጋር አደረ።